ዛፉን ያላወቀ ወፉን አያሳይም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ወፎችና ስለ ደን

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች ወደ ወፍ ያደላሉ። ዘንድሮ የመረጥኳቸው በቡድን ሆኖ በደን መንገድ እየተጓዙ ወፍ ስለማየት የሚጠይቁትን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ መልሱም ረዝሟል፤ የቀሩትን በአጭሩ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ ኃላፊ ነኝ። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቼንና ጥቂት ወላጆችን ይዤ ወፍ ለማየት ወደ መናገሻ ሱባ ደን ለመሄድ አስቤአለሁ። ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ጫካ ወስጃቸው ጉሬዛ ከማየት በቀር ወፍ ሳያገኙ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹም «እዚህ አገር ወፍ አልቋል» ብለው ደመደሙ። ዘንድሮ ምን ባደርግ ይሻላል?
መምህርት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ የሙያ ባልደረባዬ፣ ወፍ አላለቀም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ተማሪዎችዎ በሄዱበት ጫካ ውስጥም ብዙ እንደነበሩ አልጠራጠርም። ደን የገባ ሰው ወፍ የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሐል ዘልቆ ስለሚገባ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ብርሃን የለም፤ ወፎቹ ከራስ በላይ በቅጠሉ ጣሪያ ውስጥ ናቸው፤ ከታች ለቆመ ሰው የሚታየው ግንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪዎችዎን ከመንገዱ አያስወጧቸው። ደኑን አቋርጦ የሚያልፈው የአፈር መንገድ ራሱ ከሁሉ የተሻለው ቦታ ነው። መንገዱ ደኑን ስለሚከፍተው ፀሐይ ይገባል፤ ፀሐይ በገባበት ቁጥቋጦው ያብባል፣ ነፍሳት ይራባሉ። ክረምቱ ትቶት የሄደው ኩሬም ለወፎቹ መጠጫና መታጠቢያ ይሆናል።

ሱባን መምረጥዎ ደስ ብሎኛል። ደኑ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ነው፤ በሰበታ በኩል ይገባል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እዚህ አስተክለዋል ተብሎ ሲነገር ኖሯል። ይህን ለተማሪዎችዎ አውቶቡስ ውስጥ ይንገሯቸው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ አንድ ሰው ዛፍ አስተክሎ ሌላው ሲጠብቅ ባይቆይ ኖሮ ያ ተራራ ዛሬ እንደ አካባቢው ሁሉ የተራቆተ ይሆን ነበር። እኔ በዚያ መንገድ ስሄድ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ወፎቹ ብቻ ሳይሆን ስለ እነዚያ ጠባቂዎችም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ተማሪዎችዎን ወፍ አያስተምሯቸው፤ ዛፍ ያስተምሯቸው። ምክንያቴ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የቡድን ጉዳይ ነው። አንዷ ተማሪ ወፍ ታይና «ያቻት! ያቻት!» እያለች በጣቷ ትጠቁማለች። ሃያው ሰው በሃያ አቅጣጫ ያያል። ወፏ ትበራለች። ያላዩት ያዝናሉ፣ ያየችው ትናደዳለች። ይቺው ልጅ ዛፎቹን ብታውቅ ኖሮ «ከወይራው ጀርባ ያለው ኮሶ፣ በስተቀኝ ሁለተኛው ቅርንጫፍ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ» ትል ነበር፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ያገኛታል። በቡድን ወፍ የማየት ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያየ ሰው ላላየው ማሳየት ካልቻለ ሃያ ሰው ወጣ ማለት አንድ ሰው ሃያ ጊዜ ወጣ ማለት ነው።

ብዙ ዛፍ ማወቅ አያስፈልግም። የሐበሻ ጥድ ቅርፊቱ በረጅሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ሴቴዋ ዛፍ አመድማ ሰማያዊ የሆኑ ትናንሽ ፍሬዎች ትይዛለች። ከፈረንጅ ጥድ እንዲለዩት ያድርጉ፤ የፈረንጅ ጥድ በተተከለበት ረድፍ ውስጥ ወፍ ጥቂት ስለሆነ እዚያ ጊዜ አያባክኑ። የወይራ ቅጠል ከላይ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ከሥሩ ይፈዛል፤ ነፋስ ሲነካው ዛፉ ሁሉ ቀለሙን ይቀይራል። ዝግባ ቅጠሉ ጠባብና ጠንካራ ነው። ኮሶ ቀላ ያለ የሚላላጥ ግንድና ሰፋ ያለ ዘውድ አለው። ጥቁር እንጨት ስሙ እንደሚነግረን ቅርፊቱ የጠቆረና የተሰነጣጠቀ ነው። እስከ ላይ የሚወጡ ከሆነ አስታም ይጨመር።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ዛፉ ራሱ ወፉን ስለሚነግርዎ ነው። ጥድ ፍሬ በያዘበት ቦታ ቆመው ወደ ላይ ያዳምጡ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኘው፣ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ያለው ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን እዚያ አለ። ፊቱ ቢጫ የሆነው ትልቁ በቀቀን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም፤ እሱም ጥድና ዝግባ ሲያፈራ ይመጣል። ጥቁር እንጨት ፍሬው ሲበስል ቱራኮ ለሚባለው ወፍ ማዕድ ነው። ቱራኮ ቅርንጫፍ ላይ እየሮጠ ሲሄድ አረንጓዴ ስለሆነ ከቅጠሉ አይለይም፤ ሲበር ግን ክንፉ ይከፈትና ደም የመሰለ ቀይ ይወጣል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ነው፤ እንዲህ ያለ ቀለም የሚሠሩት ቱራኮዎች ብቻ ናቸው። ይህን የኬሚስትሪ መምህሩ ቢሰሙ አብረዋችሁ መሄድ ይፈልጋሉ።

በመንገዱ ዳር ደግሞ በጥቅምት ራስ ክምር ብርቱካናማ አበባውን በየአንጓው ደርድሮ ይቆማል። እዚያ ጋ ቡድኑን ያስቁሙና አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። የአበባ ማር የሚመጥጡት ወፎች ወደ እሱ ይመጣሉ፤ ከነሱም አንዱ በተከዜ ወንዝ ስም የሚጠራው፣ ጥላ ውስጥ ጥቁር መስሎ ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊ ሆኖ የሚያበራው ነው። ለልጆች ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም፤ ቅርብ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ በተደጋጋሚም ይመለሳል።

ሰዓቱን በተመለከተ አልደራደርም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መንገዱ ላይ መሆን አለባችሁ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ የደን ወፍ ዝም ይላል። ለዚህም ደኑን ከሚያስተዳድረው ከኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆሞ መከራከር ጠዋቱን ይበላዋል። የመንገዱን ሁኔታና የአካባቢውን ጸጥታም በዚያው ይጠይቁ። ደጋ ስለሆነ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ካፖርት ይያዝ። ነጭ ልብስ ግን ከሩቅ ስለሚታይ ወላጆች ነጠላቸውን መኪና ውስጥ ቢተዉት እመርጣለሁ። ስንቁ ዳቦ፣ ቆሎና ውኃ ይበቃል።

ሃያ ሰው በአንድ ላይ አይሂድ። ለሁለት ይክፈሏቸውና በመካከላቸው የግማሽ ሰዓት ርቀት ይኑር። በየቡድኑ አንድ ልጅ ጸሐፊ ይሁን፤ አንድ ልጅ ደግሞ ከኋላ ይምጣ፤ ፊተኞቹ ያስደነገጡት ወፍ ከኋላ ተመልሶ ስለሚያርፍ ጥሩውን የሚያየው ብዙ ጊዜ ኋለኛው ነው። እርምጃው ዝግ ያለ ይሁን፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሦስት ኪሎ ሜትር ከተጓዛችሁ በቂ ነው። ረጅም ጊዜ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ያኔ ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ወላጆች ስልክ ያወጣሉ። ይታገሡ። የደን ትናንሽ ወፎች የተለያየ ዝርያ ሆነው ሳለ ተሰባስበው ነው የሚመገቡት፤ እንደ ሠርገኛ በአንድ ላይ ይመጣሉ፣ በአንድ ላይ ያልፋሉ። ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላቸው ቢጫዎች፣ ጀርባቸው ላይ ነጭ ያለባቸው ጥቁሮች፣ ከነሱ ጋር ግንድ የሚፈትሽ ግንደ ቆርቁር። የመጀመሪያዋን ያየ ሰው ሁሉንም ማቆም አለበት፤ ሌሎቹ እየመጡ ነውና።

አንድ ደንብ ደግሞ ያውጁልኝ፦ መጽሐፍ ወይም ስልክ ከመከፈቱ በፊት ልጆቹ ያዩትን ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ጸሐፊውም ይጻፍ። መጠኑ ከድንቢጥ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? መንቁሩ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ምን ትሠራ ነበር? የትኛው ዛፍ ላይ? መጽሐፉ ቀድሞ ከተከፈተ ልጆቹ ያዩትን ሳይሆን ሥዕሉን ነው የሚያስታውሱት።

ጥያቄ፦ እኔ ያደግሁት ገጠር ነው። በልጅነታችን የመስቀል ወፍ አደይ ሲፈነዳ መጥታ ከጥቅምት በኋላ ትጠፋለች እንል ነበር። ልጄ «የት ነው የምትሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁ።
የአንድ ልጅ አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለልጅዎ «የትም አልሄደችም፤ እዚሁ አጠገብህ ናት» ብለው ይመልሱለት። በየአካባቢው የመስቀል ወፍ የሚባለው አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን በደጋ ብዙ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ጥቁርና ቢጫ የሆነውን፣ ሣርና እህል ላይ ላባውን ነፍቶ የሚንሳፈፈውን ነው። ያ ወንዱ ነው። ሴቷ ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሆነች ማንም አያያትም። ወንዱም ዓመቱን ሙሉ ጥቁር አይደለም። ዝናብ ሲመጣ፣ ሣሩ ሲያድግና ለጎጆ የሚሆን ሲገኝ ያንን ልብስ ይለብሳል፤ ክልሉን ይይዛል፤ ከአንድ በላይ ሴቶችንም ይጠራል። በክረምቱ መካከልም እዚያው ነበረ፤ ነገር ግን ዝናቡና ጉሙ እኛን ቤት ያስቀምጠናል። ሰማዩ ጠርቶ ወደ ሜዳ የምንወጣው በመስቀል ሰሞን ስለሆነ ያኔ የመጣ ይመስለናል።

ጫጩት ካደገ በኋላ ወንዱ ጥቁሩን ላባ ይጥልና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ በአውድማ ዙሪያ ከድንቢጦች ጋር ተቀላቅሎ እህል ይለቅማል፤ ሰውም ድንቢጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። አንድ ምልክት ግን ይቀርለታል፦ የጀርባው የታችኛው ክፍል ቢጫ ነው፤ ቁጭ ሲል ይሸፈናል፣ ሲነሳ ይታያል። ልጅዎን በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ወደ አውድማ ይውሰዱትና መንጋው ሲነሳ ቢጫውን ፈልግ ይበሉት። ሲያገኘው ፊቱን ይዩት፤ እኔ ይህንን ያስተማርኳቸው ልጆች ጎልማሶች ሆነውም ያወሩልኛል።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ በየወሩ ወደ እንጦጦ እንወጣለን። የወፍ ድምፅ በስልክ ስናጫውት ወፎቹ ወዲያው ይመጣሉ፤ ጥሩ ፎቶም እናነሳለን። አንድ ሰው ግን ተቆጣን። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?
ወጣት ፎቶ አንሺ

መልስ፦ የተቆጣህ ሰው እውነት አለው። ወፉ የሚመጣው ወዶህ አይደለም፤ ሌላ ወንድ ክልሉ ውስጥ የገባበት መስሎት ሊዋጋ ነው። መብላቱን ትቷል፤ ጫጩት ካለውም ትቶ ነው የመጣው። ተቀናቃኝ ፈልጎ ያጣል፣ ይደክማል፤ እናንተ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ቡድን መጥቶ ያንኑ ያጫውታል። ከከተማ ቅርብ በሆነ ደን ውስጥ አንድ ወፍ ይህን በየሳምንቱ ሊሸከም አይችልም። ተወው፣ ልጄ። በምትኩ ራስ ክምር ያበበበት ወይም ኩሬ ያለበት የመንገድ ዳር መርጠህ ቁጭ በል። ሳትጠራው የመጣ ወፍ ተረጋግቶ ይበላል፣ ይታጠባል፣ ላባውን ያበጥራል፤ ፎቶህም ከተቆጣ ወፍ ፎቶ ይሻላል። ለጓደኞችህ ስትነግራቸውም እንደተቆጣህ ሰው አትቆጣቸው፤ ምክንያቱን ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ባይኖኩላር ልገዛ ነው። አንዱ ላይ 10 × 50 ሌላው ላይ 8 × 42 ይላል። ሻጩ ትልቁ ይሻላል አለኝ። ደግሞስ ብቻዬን ነኝ፤ ቡድን ከየት አገኛለሁ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ለደን መንገድ 8 × 42 ይግዙ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛውን መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። አሥር ጊዜ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አሥር ጊዜ ያጎላዋል፤ የሚያሳየው ስፋትም ይጠባል፤ ቅጠል ውስጥ የምትዘል ወፍ ደግሞ በጠባብ መስኮት አትገኝም። ከመግዛትዎ በፊት ከሱቁ ውጡና ሩቅ ያለ የዛፍ ጫፍ ይመልከቱ፤ ሁለት ምስል ካዩ ወይም ዓይንዎን ካመመዎት ይመልሱት። ሲጠቀሙ ዓይንዎን ከወፏ ላይ አይንቀሉ፤ መሣሪያውን ወደ ዓይንዎ ያምጡ እንጂ።

ስለ ቡድን፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ያነጋግሩ። እስከዚያው አንድ ጎረቤት ይበቃል፤ አንድ ባይኖኩላር ለሁለት ሰው ይሆናል፤ እንዲያውም ሌላው እስኪያይ የሚጠብቀው ሰው በባዶ ዓይኑ ቀጣዩን ወፍ ያገኛል።

ጥያቄ፦ በጥቅምት ጊዜ የለኝም። በሚያዝያ ብንወጣስ?
ከደሴ

መልስ፦ ውጡ። በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓና ከሩሲያ የመጡት እንግዶች ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። አሥር ግራም ያህል የምትመዝን አረንጓዴማ ወፍ በወይራ ቅጠል ውስጥ ነፍሳት ስትለቅም ብታዩ፣ ይህን ቁመናዋን ይዛ የሰሜኑን ጸደይ ልትደርስበት ቀናት የቀሯት ልትሆን ትችላለች። በከብቶች እግር ሥር ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርገውን ቢጫ ወፍም ልብ በሏት፤ በጥቅምት ደብዝዛ መጥታ በሚያዝያ ወንዱ ቢጫው ደምቆ ነው የሚሄደው። የበልግ ዝናብ የአፈሩን መንገድ ስለሚያላቁጠው መኪናችሁን አስፋልቱ አጠገብ ትታችሁ በእግር ግቡ።

ጥያቄ፦ ልጆቼና የልጅ ልጄ ወፍ ለማየት ጫካ ሲሄዱ «እማዬ ነይ» ይሉኛል። ዓይኔ ደክሟል፤ ሩቅ አላይም። ሄጄ ሸክም ከምሆንባቸው ብቀርስ?
አያት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እናቴ፣ ይሂዱ። ደን ውስጥ ከሚታየው ወፍ የሚሰማው ይበልጣል፤ ጎበዝ መሪም ወፉን ከማየቱ በፊት ሰምቶታል። እርስዎ ደግሞ ዓይን የማያታልለው ጆሮ ይዘው ነው የሚሄዱት። ልጆቹ መንገዱን ሲወጡ እርስዎ በበርጩማ ከመንገዱ ዳር ይቀመጡ፤ ማለዳ ቢሆን ይመረጣል፣ ጋቢዎን ይደርቡ።

መጀመሪያ የሚሰሙት ዋትልድ አይቢስ የሚሉትን፣ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ጠዋት ጠዋት እየጮኸ የሚያልፈውን መንቁረ ቆልማማ ትልቅ ወፍ ይሆናል፤ እሱን ያውቁታል። ከዚያ ከዛፍ አናት ላይ እንደ ዋሽንት የሚፈስ ድምፅ ከሰሙ ራሱ ጥቁር፣ አካሉ ቢጫ የሆነው ወፍ ነው። ጎርናና፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ቱራኮ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እየቀላቀለ የሚያዜመው ደግሞ ሆዱ ብርቱካናማ፣ ቅንድቡ ነጭ ነው፤ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን በዞረው በጀርመናዊው ሩፔል ስም ይጠራል። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው አቢሲኒያን ካትበርድ የሚሏትን፣ የእኛን ደጋ ብቻ ቤቷ ያደረገችውን ግራጫ ወፍ ነው። ወንዱ ጥርት ባለ ዜማ ይጀምርና ሴቷ በሚርገበገብ ድምፅ ትቀበለዋለች፤ ካልተጠነቀቁ አንድ ወፍ ይመስልዎታል። ዓይን ያለው ሰው ቅጠሉን ሲያማትር ይህ ያመልጠዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው ግን አንዱ ከግራ አንዷ ከቀኝ መሆናቸውን ይለያል።

የልጅ ልጅዎ ስልኩን አውጥቶ ይቅዳልዎት፤ ለማጫወት ሳይሆን ለማስታወስ። የት እንደተቀዳና ስንት ሰዓት እንደነበረ ጽፎ ቢልክልኝ ወፎቹ እነማን እንደሆኑ በሚቀጥለው እትም እነግርዎታለሁ።